ሰው የማይቆጠርበት ድልድይ

አሶሳ፣ ከሠፈራ መንደር
እሑድ፣ የካቲት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጸሐይነሽ
ጊምቢ

ጸሐይ፣ «ባለቤቴ» ያልኩት ካስከፋሽ ሰርዘሽ አንብቢው፤ እኔ ግን ሌላ የምጽፈው ቃል አላገኘሁም። አንቺና ሰንበቴ፣ እማማም ጭምር፣ እንዴት ናችሁ? ዲሳሳ ባለፈው ከእናንተ ሲመለስ የሰንበቴ ሁለት የፊት ጥርሶች ወለቁ ብሎ ነገረኝ። ጣራ ላይ ወረወረቻቸው? ወይስ እንደ አባቷ በወረቀት ጠቅልላ፣ ቀን ጽፋባቸው አስቀመጠቻቸው? የኔ ልጅ ናትና ሁለተኛው አይገርመኝም።

እኔ እስከ ዛሬ ደኅና ነኝ። የምጽፍልሽ ስለ ነገ ነው።

የችኮላ ደብዳቤ ነው። አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ የአጎትሽ ልጅ ዲሳሳ በአሥር ሰዓት መኪናውን አስነስቶ ወደ እናንተ ይመጣል። በፖስታ ቤት ብልከው ካንቺ በፊት ስንት ሰው እንደሚያነበው ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ከመቀመጫው ሽፋን ሥር ደብቆ እንዲያመጣልሽ ተስማምተናል። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀኝም። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ከወረቀቱ ጋር የምታገኚውን ነገር ግን እንዳትጥዪው። ምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ አለ፤ አሁን ወደዚያ እንዳትዘዪ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

አምና በሰኔ ከዚህ ቤት ስትወጪ ያልሽኝን አልረሳሁም። ሻንጣሽን አስጭነሽ፣ የሰንበቴን እጅ ይዘሽ፣ «ዛሬ ማታ ስትቆጥር ሁለት ሰው ይጎድልሃል» አልሽኝ። ቆጠርኩ፤ ጎደለ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይጎድላል።

ለምን እንደሄድሽ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ቁጭ ብለን እንደ ሰው ተነጋግረንበት አናውቅም። እንግዲህ እኔ ልጀምረው። ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው። ሠፋሪው ጠዋት ወደ ማሳ ሲወጣ ስም እጠራለሁ፣ ማታ ሲገባ እጠራለሁ። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ያለ መውጫ ወረቀት ከመንደሩ አይወጡም። አምና በሚያዝያ ኦመር ሲጠፋ፣ ስሙን ብጠራ «አቤት» የሚል ታጣ። እኔም ሳላቅማማ ጻፍኩና ለኃላፊው ሰጠሁ። በምን ልብስ እንደጠፋ ሳይቀር ጻፍኩ፤ ሁለት ሱሪ ደርቦ፣ ኮት ለብሶ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፣ ሁልጊዜ ያመሰግኑኛል። ሚሊሻዎቹ ደረሱበትና ወደ አሶሳ ከተማ ወሰዱት። ከአርባ ቀን በኋላ ኮቱ ብቻ መጣ።

ኮቱን ለሚስቱ ለብሪቱ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ያውም አስፈርሜ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታዪን ነበር። «ስታስፈርማት እጅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» አልሽ። እውነትሽን ነው። ትእዛዝ ነው፣ እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈዋል፣ እልሽ ነበር። ጸሐይ፣ ውሸቴን ነው። ሌላው ሊረሳ ይችል ነበር፣ ሌላው ሊዘገይ ይችል ነበር። የማይረሳውና የማይዘገየው እኔ ነበርኩ። ይህን ለመናገር ስምንት ወር ፈጀብኝ።

አሁን የትናንቱን ልንገርሽ።

የየካቲትን አብዮት በዓል ምክንያት በማድረግ «ኮከብ አምራች» ለተባሉ አርባ ሠፋሪዎች የአንድ ቀን ሽርሽር ተፈቀደ። ከአዲስ አበባ ካሜራ ያነገተ ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር፤ ሠፋሪው እየሠራ ብቻ ሳይሆን እየተዝናናም እንደሚኖር ፎቶ ማንሳት ፈለገ። የት ይሂዱ ሲባል አንዱ ቤላን አነሳ። አንቺ ሁልጊዜ «አንድ ቀን እንሂድ» ስትዪኝ፣ እኔ ደግሞ «ፈቃድ ያስፈልጋል» ስልሽ የኖርኩት ያ አለት ነው። ይኸው ፈቃዱ ያለ አንቺ መጣ።

ኃላፊው ስም ዝርዝሩን ሲሰጠኝ፣ «አርባ ይወጣል፣ አርባ ይገባል። አንድ ቢጎድል የማስረው ፈራሚውን ነው» አለኝ። ፈራሚው እኔ ነኝ። ከቤላ ማዶ ያለው መንገድ ወደ ሱዳን ድንበር እንደሚወስድ እሱም ያውቃል፣ ሠፋሪውም ያውቃል። በሱዳን በኩል ዞረው ወሎ የገቡ ሰዎች እንዳሉ ወሬው በየሳምንቱ መንደር ውስጥ ይናፈሳል።

ዝርዝሩ ላይ ብሪቱም አለችበት። ባሏ ከቀረ ወዲህ እንደ እብድ ነበር የምትሠራው። ሐዘኗን ልትረሳ ነው ብዬ ነበር። ለካ መውጫ ወረቀት ቀድሞ የሚሰጠው ለኮከቦች ነው።

ትናንት ጠዋት በሁለት ሰዓት ዲሳሳ መኪናውን አቆመ፣ እኔም እየጠራሁ ማሳፈር ጀመርኩ። «ብሪቱ» ብዬ «አቤት» ስትል ቀና ብዬ አየኋት። የካቲት ነው፤ ፀሐዩ ከጠዋቱ አናት ይበሳል። እሷ ግን ሁለት ቀሚስ ደርባ፣ ከላይ የኦመርን ኮት ለብሳለች። የውስጠኛው ቀሚስ ጫፍ ከላይኛው በአንድ ጣት ይረዝማል። እግዜር የሰጠኝ ይህን የምታይ ዓይን ነች፣ ሌላ ሙያ የለኝም። ያለውን ልብስ ሁሉ የሚደርብ ሰው የማይመለስ ሰው ነው።

«ብርድ አለ እንዴ ብሪቱ?» አልኳት።

«ወባ ይዞኝ ሰነበተ ጋሼ፤ ያንቀጠቅጠኛል» አለችኝ።

ዓይኗ ላይ ወባ አልነበረም። ኃላፊው ከጋዜጠኛው ጋር ላንድሮቨር ውስጥ ተቀምጦ ከእኛ አምስት እርምጃ አይርቅም። አንድ ቃል ብተነፍስ ያልቅ ነበር። ልጆቿን ከእናቷ ጋር ትታ እህል ልትቀበል ወጥታ፣ ከሰልፍ ላይ ተጭና የመጣች ሴት ናት። መዝገቡ ላይ «ልጆች፦ ሁለት። አብረው የሉም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በስሟ ትይዩ ምልክት አደረግኩና «ውጪ» አልኳት፤ መኪናው ላይ ወጣች።

በጀግንነት ያደረግኩት እንዳይመስልሽ። ወባም ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አታልዬ ነው። ከዲሳሳ አጠገብ ስቀመጥ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ «አንተም ወባ ያዘህ?» አለኝ።

መንገዱ ሁሉ የተቃጠለ ሣርና አቧራ የጠጣ ቀርከሃ ነው። ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ አለቶቹ ታዩ። ቤላ ማለት በአገሬው ቋንቋ አለት ማለት ነው አሉ። ከለጥ ያለ ሜዳ ላይ ድንገት የተነሱ ቀይና ቢጫ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች ናቸው፤ አንዳንዱ የጊምቢን ቤተ ክርስቲያን ሁለት እጥፍ ይሆናል። በጥፍር ስትፍቂያቸው እንደ በሶ ይረግፋሉ፣ ግን ስንት ዘመን ቆመዋል። ሠፋሪዎቹ «ቆሞ ቀሮች» ይሏቸዋል። ዲሳሳ መኪናውን ሲያቆም «በል ነገራ፣ ከወገኖችህ ጋር ደረስክ» አለኝ። የአጎትሽ ልጅ አይደል፣ እንዳንቺው ነው ምላሱ።

ወደ አለቶቹ የሚያሻግረው አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ ሥሩ ገደል። ከዚያው ከአሸዋ ድንጋይ ተጠርቦ እንደ ቀስት ጎብጦ የተሠራ ነው፤ የተጫነች በቅሎ የምታልፍበት ያህል ብቻ ስለሚሰፋ መኪኖቹ ወዲህ ማዶ ቀሩ። ድሮ የወርቅና የቡና ነጋዴ ያልፍበት ነበር ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን፤ ሼኽ ዐብዱልቃድር ይባላሉ፣ መንደራቸው ከድልድዩ ማዶ ነው። ባለቤታቸው ኸድራ፣ ከእግር እስከ ራሷ በሱዳን ቶብ የተከናነበች ረጅም ሴት፣ በቅል ውሃ ይዛልን ቆማለች።

ጋዜጠኛው ደብተሩን አውጥቶ «ድልድዩን የሠራው ማነው?» አለ።

«ሰፊው ሕዝብ ነው» አለ ኃላፊያችን።

ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። አያቴ ነው» አሉ።

ጋዜጠኛው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞሮ «ሲሻገሩ ቁጠር» አለኝ። ድልድዩ ራስ ላይ ቆምኩና የመጀመሪያውን ሰው በጣቴ ጠቁሜ «አንድ» ስል፣ ሼኹ ጣቴን ግጥም አድርገው ያዙኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ግን ብረት ነው።

«እዚህ ሰው አይቆጥርም» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ኃላፊው።

«ድሮ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ፣ እዚህ፣ ይሄ ሰውዬ የቆመበት ቆሞ፣ በጣት ቆጥሮ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆጥሮ ሲጨርስ አስሮ፣ ወስዶ። የአያቴ እናት እዚህ ነው የተቆጠረው። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ላይ ሰው የቆጠረ፣ እሱ ነጋዴ ነው። ሐራም ነው።»

ጣቴ አሁንም በእጃቸው ውስጥ ነበር። ጸሐይ፣ አንቺ አጠገቤ ሳትኖሪ በሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ታዲያ ስንት ሰው እንደተሻገረ በምን ታውቃላችሁ?» አለ ጋዜጠኛው።

«ጠጠር አለ።»

ድልድዩ ራስ ላይ ባለው ቋጥኝ ሁለት ጎድጓዶች ተፈልፍለዋል። ትልቁ የመንደሩ ነው፣ ትንሹ የእንግዳ። የሚሻገር ሰው አንድ ጠጠር ይጥላል፣ ሲመለስ ያነሳል። «ባዶ ከሆነ፣ ሁሉ ሰው መጣ። ያልመጣ ሰው ካለ ጠጠሩ ቁጭ ይላል። ማንም አያነሳም» አሉ ሼኹ። ከትልቁ ጎድጓዳ ውስጥ አቧራ የለበሱ ሦስት አራት ጠጠሮች አሳዩን። «ይሄ የወንድሜ ነው። ሱዳን ሄዶ፣ ሃያ ዓመት። ጠጠር ካለ፣ ሰው ይመጣል።»

ጋዜጠኛው በደስታ ሊሞት ነው። «ጓድ፣ ይህ ነው ታሪክ! በጠጠር ይቆጠሩ፣ ፎቶ ላንሳ» አለ። ኃላፊው በእንግዳ ፊት የብሔረሰብን ባህል መናቅ ስላልሆነለት ጥርሱን አሳይቶ እሺ አለ። አንዱን ሚሊሻ ድልድዩ ራስ ላይ አቆመ፤ ሁለተኛውን ማዶ ባለው የሱዳን መንገድ ላይ እንዲቆም አሻገረው።

አርባው ሰው ከመሬት ጠጠር እያነሳ፣ እየጣለ ተሻገረ። ብሪቱ ጎንበስ ብላ ብዙ ፈለገች። ነጭ ጠጠር አገኘች፤ ወደ አፏ አስጠግታ ስትስማት አየሁ፣ ከዚያ ጣለቻት። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ቀይ ጣልኩ።

ማዶ ከአለቶቹ ጥላ ሥር ዳቦና ሻይ ታደለ። ጋዜጠኛው ሰዎቹን ከቆሞ ቀሮቹ ሥር እያሰለፈ «ፈገግ በሉ» ይላል፤ ኃላፊውም ከየፎቶው ዳር ይቆማል። እኔ ዳቦዬን ይዤ የብሪቱን ኮት በዓይኔ እከተላለሁ። ኮቱ ከሴቶቹ መሐል ነው። ከዚያ ኮቱ ዞር ሲል ፊቱ የብሪቱ ፊት አይደለም። ሌላ ሴት ለብሳዋለች። ማን እንደሆነች አልጽፍልሽም።

ቀና ስል ከሁለት ዓምዶች መካከል ኸድራ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ቶብ የተከናነበች ሌላ ሴት። ሁለቱም ባዶ ቅል ይዘው ውሃ እንደሚቀዱ የመንደሩ ሴቶች በሱዳኑ መንገድ ወደ ሚሊሻው ይሄዳሉ። የሁለተኛዋ ቶብ ከታች ሲገለጥ፣ አንድ ጣት የሚረዝም የቀሚስ ጫፍ አየሁ።

ብሪቱ ዞር አለችና ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቆመች። ከእኔ ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ባሏን ያስያዘው እኔ ነኝ። ኃላፊው ከጎኔ ሆኖ ጋዜጠኛውን ስለ ምርት ያስረዳል። ያኔ የቻልኩትን አደረግኩ፤ ጀርባዬን ሰጠኋት። ቀና ብዬ አለቱን ማድነቅ ጀመርኩ። በሕይወቴ አለት አድንቄ የማላውቅ ሰው፣ እያንዳንዱን ቀይና ቢጫ መስመር አየሁት። ከኋላዬ ጩኸት እጠብቃለሁ፤ «ቁሚ» የሚል ድምፅ፣ ወይ ጥይት። ልማዴ ነውና በሆዴ እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ ስደርስ ዞርኩ። ሚሊሻው ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፤ መንገዱ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ግን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የእኛ ሴቶች ሁሉን አስበውበታል፤ ኮቱን፣ ቶቡን፣ ቅሉን፤ ኸድራን መቼ እንዳግባቡ አላውቅም። የጠጠሩን ሕግ ግን ከእኛ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። የብሪቱ ነጭ ጠጠር ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ። ኃላፊው ቀድሞን ተሻግሮ ጎድጓዳው አጠገብ ቆመ፤ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ጎንበስ እያለ አንድ ጠጠር ብቻ ያነሳል። ኮቱን የለበሰችው ሴት ተራዋ ሲደርስ እጇ ወደ ሁለት ጠጠሮች ሄደ። ኃላፊው አያት፤ አንዱን ብቻ አንስታ አለፈች። ከኋላዋ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻው። ጎድጓዳው ውስጥ ሁለት ቀርተዋል፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ።

«ስንት ቀረ?» አለ ኃላፊው።

«የኔው ብቻ» አልኩና በሰፊ መዳፌ ሸፈንኳቸው፤ ሁለቱንም አፍኜ አነሳሁ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። «ባዶ ነው» አለ፤ ፊቱ ተፈታ።

እፎይ ልል ስል ጋዜጠኛው «አይ! አይ! ፎቶውን አላነሳሁትም፤ እባክዎ አንዴ መልሰው ይጣሉና ያንሱልኝ» አይልም? ጸሐይ፣ ሞቼ ብቀበር ይሻለኝ ነበር። ነጯን በሦስት ጣቶቼ መዳፌ ውስጥ ቆልፌ፣ ቀይዋን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ገፍቼ ጣልኳት። ብቻዋን ወደቀች። «አሁን ቀስ ብለው ያንሱ... ደግ!» አለ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ከወጣ እጄን እዪው፤ ሦስቱ ጣቶቼ ታጥፈዋል።

ከዚያ ሼኹን ልሰናበት ሄድኩ፤ እጅ ስንጨባበጥ ነጯን ጠጠር መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጥኳት። ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም። እጄን ግን አልለቀቁም።

«አንተ ሰው ቆጣሪ ነህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ነበርኩ።»

«ትልቁ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰውዬው ይመጣል» አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ብሪቱም ሰውዬ ናት።

ሰዉ መኪና ላይ ሲወጣ ኃላፊው ላንድሮቨሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። «ለማንኛውም ስም ጥራ» አለ። ዝርዝሩን አውጥቼ ጀመርኩ። ብሪቱ ሃያ ሦስተኛ ነች። ስሟን ልዝለለው? ኃላፊው ትከሻዬ ላይ ሆኖ ያነባል። ሃያ ሁለተኛው «አቤት» አለ። «ብሪቱ» አልኩ።

ከመኪናው ጥግ፣ ከሰው መሐል፣ ኮት የለበሰች ሴት «አቤት!» አለች።

ቀጠልኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ያው ድምፅ በራሷ ስም ድጋሚ «አቤት» አለ። ያን ድምፅ በቀን ሁለት ጊዜ የምሰማ ሰው ነኝ፣ ኃላፊው ግን የማን እንደሆነ አይለየውም። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው በአንድ ላይ አየኝ። «አርባ» አልኩና ፈረምኩ። ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ከመኪናው ጀርባ ሆነው የዲሳሳን መስኮት አንኳኩና «ጋሼን አብሽሩ በላቸው» አሉ። በወሎ አነጋገር አይዞህ ማለት ነው። እዚህ በሠራሁበት ሁለት ዓመት አይዞህ ያለኝ ሠፋሪ አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ ዲሳሳም ያላየ መሰለ።

እንግዲህ ያ አለፈ። አሁን የቀረውን ስሚኝ።

ዛሬ እሑድ ነው፣ ጥሪ የለም። ለዚያውም ቅበላ ነው፤ ነገ ጾም ስለሚያዝ ሠፋሪው ያለችውን ይዞ ቤቱ ነው። ድንበሩ በእግር የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት ትደርሳለች። ነገ ጠዋት ግን ስሟን እጠራለሁ፤ በማሳ ጥሪ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከሰልፍ ወጥቶ ፊት ለፊት ስለሚያልፍ ማንም ሊመልስላት አይችልም።

ትናንት ማታ አርባ ገብቷል ብዬ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ዝም ብል የሚጠየቀው እኔ አይደለሁም። ሌሊቱን በር ላይ የነበረው ዘበኛ ጀዕፈር ነው፤ በሱ ጥበቃ ጠፋች ይባላል። ጀዕፈርን ታስታውሺዋለሽ፤ ሰንበቴን ትከሻው ላይ አድርጎ ማንጎ የሚያስቀጥፋት ሰውዬ። አራት ልጆች አሉት። ዛሬ ጠዋት በበሩ ሳልፍ «ሰላም ነው፣ ሁሉ ሰው ተኝቶ አድሮ፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ምንም አያውቅም።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ አንድ ሰዓት ያህል አሰብኩበት። ወረቀቴ ንጹሕ ነው፣ ፊርማዬ ትክክል ነው፣ አፌን ብዘጋ ማንም አይነካኝም። የድሮው ነገራ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አይጽፍም ነበር፤ ቅበላውን ይበላ ነበር።

ነገ ጠዋት ጥሪው ሳይጀመር ኃላፊው ቢሮ እገባለሁ። ድልድዩ ላይ ቁጥሩ ተሳስቶብኛል፣ ስም ጥሪውንም ሳላረጋግጥ አልፌዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ የፈራሚው ነው እላለሁ። ስለ ኮቱ፣ ስለ ሼኹ፣ ስለ ድምፁ አልናገርም። ሦስት ቀን ያስሩኝ ወይ ሦስት ዓመት አላውቅም። የሚወስዱኝ ኦመርን ወደ ወሰዱበት ወደ አሶሳ ነው። እፈራለሁ፣ ጸሐይ። በጣም እፈራለሁ። ግን በኔ ቦታ ስሙ እንዲጠራ የምፈልገው ሌላ ሰው የለም።

በዲሳሳ መኪና ላይ የልብስ ስፌት መኪናሽን ጭኜልሻለሁ፤ መርፌው እንዳይሰበር ፎጣ ጠቅልዬበታለሁ። የሰንበቴን ጫማ አስጠግኜዋለሁ፣ ምናልባት አሁን ይጠባት ይሆናል። የክረምት ብርድ ልብሱንም ላክሁት፤ እኔ ብዙም አይበርደኝም። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ካስገቡልኝ እወስደዋለሁ። ዲሳሳ ዕቃውን ሲያይ «ቤት ልትለቅ ነው እንዴ?» አለኝ። ባለቤቴ ዕቃዋን ጠየቀች አልኩት። ይህችን ውሸት አታጋልጪብኝ።

የመኪናውን ጡሩንባ ሰማሁ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣ፣ ችኩል።

ወረቀቱ ውስጥ ያገኘሻት ቀይ ጠጠር የኔዋ ናት፤ ከቤላ ድልድይ። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጪያት። ሰንበቴ ልትጫወትባት ስትል «የአባትሽ ናት፣ ራሱ መጥቶ እስኪያነሳት ማንም አይነካትም» በያት። ሼኹ ሐራም ነው ያሉት ድልድዩ ላይ መቁጠርን ነው፤ በቤት ውስጥ አይከለከልም። ማታ በር ስትዘጊ ቁጠሩ፤ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ መንገድ ላይ ያለችውንም ሴት ከልጆቿ ያገናኝ።

ባልሽ ነገራ

ከላይ ያለውን «ባለቤቴ» እንደ ፈለግሽ። ይህቺን ግን አትሰርዢያት።